ሕክምና ከሆስፒታል በር በፊት ይጀምራል፤ ስለ አምቡላንስ ሠራተኞችና ስለ ሆስፒታል መተባበር

አምቡላንስ ጡሩንባውን እየነፋ በከተማችን ጎዳና ሲያልፍ ብዙ ሰው ቆም ብሎ «እግዚአብሔር ይማረው» ይላል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው አምቡላንስን የሚያስበው በሽተኛን ከቤቱ አንሥቶ ሆስፒታል በር ላይ የሚያወርድ ፈጣን መኪና አድርጎ ብቻ ነው፤ ሕክምናው የሚጀምረውም በሽተኛው ከሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን፥ ሆስፒታልም ለአምቡላንስ ሠራተኞች ምን ዓይነት ድጋፍ መስጠት እንደሚገባው፥ ሕዝቡስ በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳለው በዚህ ወር ጽሑፋችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «አምቡላንስ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፥ በጥንት ጊዜ የሚነገረው ስለ መኪና ሳይሆን የጦር ሠራዊትን እየተከተለ ስለሚጓዝ ሆስፒታል ነበር፤ ትርጓሜውም «የሚሄድ ሆስፒታል» እንደ ማለት ነው። ዶሚኒክ ዣን ላሬ የተባለው የፈረንሳይ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1790ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ቁስለኞች ውጊያው እስኪያበቃ ድረስ ሜዳ ላይ ወድቀው እንደሚቀሩ ተመልክቶ፥ ቀላልና ፈጣን የፈረስ ጋሪዎች አሠራ፤ ሐኪሞችና ረዳቶችም በጋሪዎቹ እስከ ጦር ግንባር ድረስ እንዲሄዱ አደረገ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ከጥቂት ወራት በኋላ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በወረረን ጊዜ፥ ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከእንግሊዝና ከሌሎችም አገሮች «አምቡላንስ» ተብለው የመጡት የቀይ መስቀል ጓዶች ሐኪም፥ ድንኳንና መድኃኒት ይዘው የሚጓዙ ሆስፒታሎች ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ በአውሮፕላን ቦምብ የተደበደበው የስዊድን አምቡላንስ እንዲህ ያለ ሆስፒታል ነበር። እንግዲህ አምቡላንስ ከመጀመሪያው የሆስፒታል አካል እንጂ ባዕድ አልነበረም።

ይህ አንድነት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የሰውን ሰውነት ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ልቡ መምታት ያቆመ ሰው በአራትና በስድስት ደቂቃ መካከል አንጎሉ መጐዳት ይጀምራል። ትልቅ የደም ሥሩ የተቈረጠ ሰው ደሙ ካልታገደለት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት ሁለት ሰዓት እንኳ ላትቈይ ትችላለች። በአንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶበት ግማሽ አካሉ የሰነፈ በሽተኛ፥ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ መቈጠር የሚጀምረው በሽታው ከያዘበት ወይም አደጋው ከደረሰበት ቅጽበት አንሥቶ ነው እንጂ በሽተኛው ሆስፒታል ከገባበት ሰዓት አይደለም። ከሰዓቱም አብዛኛው የሚያልፈው በቤትና በመንገድ ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ከበሽተኛው አጠገብ የሚገኘው የአምቡላንስ ሠራተኛ የሆስፒታሉ ዐይንና እጅ ካልሆነ፥ የሐኪሙ ዕውቀት ምንም ያህል ቢሆን ዘግይቶ ይደርሳል።

ሆኖም በሰላም ጊዜ፥ ሀብታም በሚባሉት አገሮች እንኳ፥ አምቡላንስና ሆስፒታል በብዙ ቦታ ተለያይተው ኖረዋል። በአሜሪካ አገር የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ዘገባ፥ በዚያን ጊዜ ከአገሩ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት የቀብር ሥራ ድርጅቶች እንደ ነበሩ ገልጿል። ምክንያቱም ሰው አጋድሞ ለመውሰድ የሚበቃ ረጅም መኪና የነበራቸው እነርሱ በመሆናቸው ነው። በፒትስበርግ ከተማ ደግሞ በሽተኛን የሚያነሡት የፖሊስ መኪናዎች ነበሩ፤ ፖሊሶቹም ከቃሬዛ በቀር ይህን ያህል የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም።

በዚህች ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፒተር ሳፋር፥ ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው በአፍ እስትንፋስ መስጠትን ለዓለም ካስተማሩት ሐኪሞች አንዱ ናቸው። በ1966 ሴት ልጃቸው በአስም ሕመም ሞተችባቸው። በሚቀጥለው ዓመት በከተማው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር «ፍሪደም ሀውስ» የተባለ የአምቡላንስ ድርጅት ሲቋቋም ዶክተር ሳፋር ትምህርቱን አዘጋጁ። የተመረጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሥራ ያልነበራቸው የሰፈሩ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች 300 ሰዓት ያህል ተማሩ፤ ትምህርቱም በመጽሐፍ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በሆስፒታሉ ክፍሎች ውስጥ ከሐኪሞች ጋር እየቆሙ የሚሠራውን ያዩና ራሳቸውም ይሠሩ ነበር። ከ1968 ጀምሮ በሰጡት አገልግሎት ብዙ ነፍስ አዳኑ፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቢዘጋም፥ የትምህርቱ ሥርዓት ለሌሎች ከተሞች አብነት ሆነ።

በዚያው በ1966 በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት ከተማ፥ የሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል የልብ ሐኪም ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ፥ በልብ የደም ሥር መዘጋት ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ እንደሚያልቁ ተረዱ። ስለዚህ የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን መሣሪያ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አድርገው በአምቡላንስ ጫኑት። መሣሪያው 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ከእርሱም ጋር የሆስፒታሉን ሐኪምና ነርስ ወደ በሽተኛው ቤት ላኩ። ከሁለቱ ከተሞች የምንማረው አንድ ነው፤ ይኸውም አምቡላንሱ የተሻሻለው ሆስፒታሉ ከበሩ ወጥቶ ኃላፊነቱን በተቀበለ ጊዜ ነው።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበርሁበት ጊዜ፥ በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ለልምምድ ተመድቤ ስሠራ፥ አንድ ቀን ማታ የአምቡላንስ ሠራተኞች ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ ይዘው መጡ። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ሕመሙም ብርቱ ስለ ነበረ ይጮኻል። ከቃሬዛ ወደ አልጋ ስናዛውረው አንድ ጠና ያለ የአምቡላንስ ሠራተኛ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፥ «ሚስቱ እንደ ነገረችን ከመውደቁ በፊት ደረቱን ይዞ ነበር» አለኝ። እኔም እግሩን ይዤ ስለ ነበር «እሺ» አልሁት፤ ግን አልጻፍሁትም፤ ለአለቃዬም አልነገርሁትም። ሠራተኛው ወዲያው ለሌላ አደጋ ተጠርቶ ሄደ። እኛም እግሩን አከምን፤ አጥንቱም በደንብ ተቃና። ያ ሰው ግን የወደቀው ልቡ ታምሞ ነው እንጂ እግሩ አዳልጦት አልነበረም፤ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ልቡ ቆመና ሞተ። በማግሥቱ ያው የአምቡላንስ ሠራተኛ መጥቶ፥ «ያ ደረቱን ይዞ የነበረው ሰውዬ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቃሉን ብጽፈው ኖሮ ሰውየው ይድን ነበር ብዬ በእርግጥ ለመናገር አልችልም። ነገር ግን ልቡ በጊዜው ይመረመር እንደ ነበር አውቃለሁ። የአምቡላንሱ ሠራተኛ ሥራውን ፈጽሟል፤ የተቋረጠው ሰንሰለት ከእርሱ ቃል እስከ እኔ እስክሪብቶ ያለው ነበር። በመሆኑም ሆስፒታል ለአምቡላንስ ሠራተኞች የሚሰጠውን ድጋፍ በአምስት ከፍዬ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1ኛ፤ ማስተማር። የአምቡላንስ ሠራተኛ የትንፋሽን መንገድ መክፈት፥ ደም ማገድ፥ የተሰበረ አጥንት ማሰርና ምጥ ማዋለድ የሚማረው ሥራው በየቀኑ ከሚሠራበት ከሆስፒታል ነው። የቀዶ ጥገናው ክፍል ስለ ትንፋሽ፥ የማዋለጃው ክፍል ስለ ወሊድ፥ የሕፃናቱ ክፍል ስለ ሕፃናት ሊያስተምሩት ይገባል። የሰው እጅ ካልሠራበት የተማረውን ይረሳልና፥ አንድ ጊዜ ተምሮ በዚያው መቅረት የለበትም፤ በየጊዜው ተመልሶ ሊለማመድ ያስፈልገዋል።

2ኛ፤ በመንገድ ሳለ መምከርና ተዘጋጅቶ መጠበቅ። አምቡላንሱ ገና በመንገድ ሳለ በስልክ ወይም በሬዲዮ ሲጠራ፥ ከሆስፒታሉ በኩል የሚመልስና ለመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ሊኖር ይገባል። «ምጥ ላይ ያለች እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ይዘናት እየመጣን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይቀረናል» የሚል ቃል በጊዜው ቢደርስ፥ በሃያው ደቂቃ ውስጥ አዋላጇና የቀዶ ጥገናው ሐኪም ይጠራሉ፤ የቀዶ ጥገናው ክፍል ይከፈታል፤ ደም ይዘጋጃል። ቃሉ ባይደርስ ግን ይህ ሁሉ የሚጀመረው እናቲቱ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። በብዙ አገሮች ዛሬ የአምቡላንስ ሠራተኞች የልብን እንቅስቃሴ የሚቀርጸውን ምርመራ በመንገድ አንሥተው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፤ የልብ ሐኪሙም በሽተኛው ከመድረሱ አስቀድሞ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል።

3ኛ፤ በሥርዓት መረከብ። በሽተኛን መረከብ ዕቃ እንደ መረከብ አይደለም፤ ከሰውየው ጋር ታሪኩንም መረከብ ነው። የወደቀበትን ስፍራ፥ የመኪናውን መጨፍለቅ፥ በአልጋው አጠገብ የተገኘውን ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ያየው የአምቡላንሱ ሠራተኛ ነው፤ ሐኪሙ ግን እነዚህን ነገሮች በስፍራው ተገኝቶ አላያቸውም። ስለዚህ በሠለጠኑ ሆስፒታሎች በሽተኛው እንደ ገባ፥ ሕይወቱን ለማዳን በዚያው ቅጽበት የግድ የሚደረግ ነገር ከሌለ በቀር፥ ሁሉም ለአንድ ደቂቃ ዝም ብሎ ያደምጣል። አንድ ሰው ይናገራል፤ አንድ ሰው ይጽፋል። ቃሉም በተወሰነ ተራ ይነገራል፤ ይኸውም ዕድሜው፥ የደረሰበት ሰዓት፥ አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ፥ የታየው ጉዳት፥ የትንፋሹና የልቡ ምት፥ የደም ግፊቱና ንቃቱ፥ በመጨረሻም የተሰጠው ርዳታ ነው። ለምሳሌ ያህል፦ «ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ገጭቶት፤ የግራ ጭኑ ተሰብሯል፥ ሆዱንም ያመዋል፤ የልቡ ምት በደቂቃ 130፥ የደም ግፊቱ 90 በ60 ነው፥ ይናገራል፤ ጭኑን አስረን ኦክሲጅን ሰጥተነዋል።» ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የሚያስተውል ሐኪም ግን ልቡ የሚፈጥነውና የደም ግፊቱ ዝቅ ያለው ወደ ውስጥ ደም እየፈሰሰው ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ይጠረጥራል፤ ደምና የቀዶ ጥገና ሐኪም ያስጠራል።

4ኛ፤ ሠራተኞቹን ቶሎ ማሰናበትና ያወጡትን ዕቃ መተካት። አምቡላንስ በሆስፒታል በር ላይ በቆመ ቁጥር ከተማው አንድ አምቡላንስ ይጐድልበታል። በእንግሊዝ አገር ርክክቡ በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲፈጸም ተደንግጓል፤ ሆኖም ሆስፒታሎች በሚጨናነቁበት ጊዜ አምቡላንሶች በሽተኛ እንደ ጫኑ ለብዙ ሰዓት ተሰልፈው ቆመው ያውቃሉ። ምክንያቱ የበር ጠባቂ ስንፍና አይደለም። በላይኛው ፎቅ የዳነ በሽተኛ ወደ ቤቱ ሳይሸኝ ሲቀር አልጋ አይለቀቅም፤ አልጋ ካልተለቀቀ የድንገተኛው ክፍል ይሞላል፤ የድንገተኛው ክፍል ሲሞላ አምቡላንሱ ይቆማል፤ አምቡላንሱ ሲቆም ደግሞ በሌላ ሰፈር የወደቀው ሰው የሚያነሣው ያጣል። ስለዚህ የአምቡላንስ መዘግየት የመላው ሆስፒታል ጉዳይ መሆኑን አስተዳዳሪዎች ሊያውቁት ይገባል። እንደዚሁም ለበሽተኛው የወጣው ፋሻ፥ ኦክሲጅን፥ ጓንትና ብርድ ልብስ ከሆስፒታሉ ግምጃ ቤት ቢተካ፥ ደም የነካው ቃሬዛም በዚያው ታጥቦ በመድኃኒት ቢጸዳ፥ መኪናው ለሚቀጥለው ጥሪ ዝግጁ ይሆናል፤ ተላላፊ በሽታም ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው አይሻገርም።

5ኛ፤ ውጤቱን መንገር። በሽተኛው በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የማጅራት ገትር ያለበት ሆኖ ቢገኝ፥ በጠባብ መኪና ውስጥ አብረውት የተጓዙት ሠራተኞች ሳይውሉ ሳያድሩ ሊነገራቸውና ሊመረመሩ፥ የሚያስፈልግም ከሆነ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይገባል። ደግሞም ሠራተኛው ያመጣው ሰው ዳነ ወይስ ሞተ፥ ግምቱስ ትክክል ነበረ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ማግኘት አለበት። መልስ የማያገኝ ሠራተኛ ከስሕተቱ ሊማር፥ በመልካም ሥራውም ሊደሰት አይችልም። ሕፃን በእጁ ላይ የሞተበትን ሠራተኛ ወንበር ሰጥቶ፥ ቡና አጠጥቶ፥ «አንተ የሚቻልህን አድርገሃል» ብሎ መሸኘትም ከሆስፒታሉ ድጋፍ የሚቈጠር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ለመሥራት ያለው ብዙ ቢሆንም የተጀመረው ሥራ የሚናቅ አይደለም። የቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንሶች በ907 የስልክ ቍጥር ይጠራሉ። በየወረዳው የተመደቡት አምቡላንሶች ዋና ሥራቸው ምጥ የያዛቸውን እናቶች ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሐኪሞች በድንገተኛ ሕክምና ልዩ ትምህርት ይሠለጥናሉ። በሆስፒታሎቻችን ከሌላ ቦታ የሚላኩትን በሽተኞች ጉዳይ የሚከታተል የሊያዞን ክፍል አለ። የሚቀረን እነዚህን ሁሉ እርስ በርሳቸው ማያያዝ ነው። በአንዳንድ ቦታ አምቡላንሱ የሚሄደው ነጂውን ብቻ ይዞ ነው፤ ነጂው ደግሞ መሪውን ይዞ በሽተኛን ሊረዳ አይችልም። ከጤና ጣቢያ የሚጻፈው የሪፈር ወረቀትም በቤተ ዘመድ ኪስ ውስጥ ታጥፎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ስልክ መደወል፥ ከነጂው ጋር አንዲት አዋላጅ ነርስ መላክ፥ ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ማስረከብ፥ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፥ ነገር ግን ነፍስ የሚያድኑ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሕዝቡ ድርሻ ይመጣል። በቤት ወይም በትምህርት ቤት አደጋ ሲደርስ አምቡላንስ የሚጠራው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስፍራውን በሚታወቅ ምልክት ይናገር፤ ቤተ ክርስቲያን፥ መስጊድ፥ ድልድይ ወይም ትምህርት ቤት ቢጠቅስ ይበቃል። አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ። ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይገባል። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጐድቶ ይሆናል ተብሎ የሚጠረጠረውን ሰው፥ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደ በቀር፥ ማንሣትና ማገላበጥ አይገባም። አምቡላንሱ ሲደርስም ነገሩን ያየ አንድ ሰው ቀርቦ የደረሰበትን ሰዓት፥ እንዴት እንደ ጀመረ፥ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ይንገር፤ መድኃኒቱንም ከነማሸጊያው ይስጥ። የሚያሳፍር ነገር ቢሆንም፥ መርዝ መጠጣትም ቢሆን፥ ከሠራተኞቹ መደበቅ በሽተኛውን መግደል ነው።

አምቡላንሱ በአቅራቢያ ያለውን ክሊኒክ አልፎ ራቅ ወዳለ ሆስፒታል ቢሄድም ቤተ ዘመድ ሊቈጣ አይገባም። ደም ለመስጠትና ቀዶ ጥገና ለማድረግ የማይችል ቤት ቅርብ ቢሆንም ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ሩቅ ነው። ደግሞም መንገድ መልቀቅ፥ አደጋ በደረሰበት ስፍራ ተሰብስቦ አየር አለመከልከል ከሁላችን የሚጠበቅ ግዴታ ነው።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻችሁ በምሳሌ አድርጋችሁ አስተምሯቸው። አንዱ ተማሪ የወደቀ በሽተኛ፥ ሁለተኛው ያየ ምስክር፥ ሦስተኛው የአምቡላንስ ሠራተኛ፥ አራተኛው ሐኪም ይሁን፤ ቃሉም ከምስክሩ ተነሥቶ ሳይጐድል እስከ ሐኪሙ ይድረስ። በመካከል የጠፋው ቃል የትኛው እንደ ሆነ ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል። እኔም ያን የቀለም ቀቢ ካየሁ ወዲህ ከአምቡላንስ ሠራተኛ አፍ የሰማሁትን ሳልጽፍ ከበሽተኛ አልጋ ተነሥቼ አላውቅም። ከእናንተ አንዱ ነገ በጎረቤቱ ቤት ለአምቡላንስ ሠራተኛ የሚነግራት አንዲት ቃል ከሐኪሙ መዝገብ ብትደርስ፥ ይህ ጽሑፍ የታሰበለትን ሥራ ፈጽሟል።